የጂን ፍተሻ ዝርዝር ሲያሳስት፦ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሆኖ ለእንቁልጢ ካንሰር አዲስ የመድኃኒት ዒላማ የሚፈልግ ተማሪ የክሪስፐር (ጂንን ቆርጦ የሚያጠፋ ዘዴ) ቤተ ሙከራ እስኪከፈት መጠበቅ የለበትም። ዴፕማፕ የተባለው የመረጃ ቋት በብዙ መቶ የካንሰር ሴል መስመሮች (በቤተ ሙከራ በሚራቡ ሴሎች) ላይ ጂኖችን አንድ በአንድ እያጠፉ የተደረገውን ፍተሻ በነጻ ይሰጣል። መብራትና ኢንተርኔት ከተገኘ ፋይሉን ማውረድ ቀላል ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ለሴሉ መኖር "አስፈላጊ" የተባሉት ጂኖች ዝርዝር ሲነበብ ነው።

ከአናቱ የራይቦዞምና የፕሮቲያዞም (ፕሮቲን የሚሠራውና የሚያፈርሰው የሴል ክፍል) ጂኖች ከተደረደሩ አያስደስት። ያለ እነርሱ የትኛውም ሴል አይኖርም፤ ምሰሶው የተቆረጠ ቤት ጎጃምም ሆነ ጎንደር ይወድቃል። መጥፋቱ የሌሎች ካንሰሮችንም ሴል የሚገድለውን ጂን ከዝርዝሩ መጣል ነው።

ሁለተኛው ምልክት ተንኮለኛ ነው፦ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ጎን ለጎን ያሉ ጂኖች በሙሉ "አስፈላጊ" ሆነው ይወጣሉ። ክሪስፐር ዲኤንኤን ይቆርጣል፤ የጂኑ ቅጂ በበዛበት ቦታ ቁርጡም ይበዛል፤ ሴሉን የሚገድለው የጂኑ መጥፋት ሳይሆን ጉዳቱ ነው። የእንቁልጢ ካንሰር ደግሞ ቅጂ በማብዛትና በማጉደል የታወቀ ነው። ስለዚህ ለቅጂ ብዛት የተስተካከለውን ውጤት መጠቀም ያስፈልጋል። በዚያ ሴል ውስጥ ጭራሽ የማይሠራ ጂን "አስፈላጊ" ከተባለም ውጤቱ ሐሰት ነው።

በተለመዱት የእንቁልጢ ካንሰር ሴል መስመሮች፣ በኤስኬኦቪ3 ወይም በኤ2780፣ የታየው በሌላ መስመር ካልተደገመስ? እዚህ ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሂሳቡ ሳይሆን የሴሉ ነው። ብዙ ሴቶችን የሚገድለው ከፍተኛ ደረጃ ሲረስ የተባለው የእንቁልጢ ካንሰር ዓይነት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ትልቅ ጥናት ከናሙናዎቹ 96 በመቶው ካንሰርን የሚከላከለው የቲፒ53 ጂን ጉዳት እንዳለባቸው አሳይቷል። የኤ2780 ቲፒ53 ግን ደህና ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መስመሮቹን ከታማሚ ዕጢዎች ጋር ያመሳከሩ ተመራማሪዎች እጅግ የተለመዱት ሁለቱ ደካማ ወኪሎች መሆናቸውን፣ ኩራሞቺና ኦቭሳሆ የተባሉት መስመሮች ግን የተሻሉ መሆናቸውን ጽፈዋል። አሁንም ሁለቱን ደካሞች በልማድ የሚመርጥ ተመራማሪ መብዛቱ ያስገርመኛል።

በተቃራኒው፣ ጥሩ ዒላማ በአማካይ ተውጦ ይጠፋል፤ የሚያስፈልገው ለተወሰኑ ዕጢዎች ብቻ ነውና። መስመሮቹን በጂን ጉዳታቸው መከፋፈል ያድናል። ሲሲኤንኢ1 የተባለው ጂን የተባዛባቸው ሴሎች ፒኬኤምዋይቲ1 የተባለውን ሌላ ጂን አጥብቀው እንደሚሹ እ.ኤ.አ. በ2022 የታወቀው ሲሲኤንኢ1 የበዛባቸውን ሴሎች ካልበዛባቸው ጋር በማነጻጸር ነው።

የተረፉት ጥቂት ጂኖች ቤተ ሙከራ ላለው ተባባሪ ይላኩ። ሁለት የተለያዩ መሪ አርኤንኤዎች (ክሪስፐርን ወደሚቆረጠው ጂን የሚመሩ) አንድ ዓይነት ውጤት ካልሰጡ ጂኑ ከዝርዝሩ ይውጣ።