መካከለኛ የጌም ላፕቶፕ በአዳማ ሙቀት እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይያዛል?

የጌም ላፕቶፕ ሊገዛ አስቦ የሚያማክረኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቤቱ ነው። ጠረጴዛ አለህ? ሶኬቱ ለጠረጴዛው ይቀርባል? መስኮቱ በየት በኩል ነው? ጥያቄው ለብዙዎች እንግዳ ይሆንባቸዋል። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አዳማ ላይ እንዲህ ባለ ማሽን ቀን የሕንፃ ንድፍ ስሠራ፣ ማታ የኳስ ጌም ስጫወት የተማርኩት ይህንኑ ነው። በርካሹና በውዱ መካከል ያለው የጌም ላፕቶፕ በቦርሳ የሚዛወር የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ቦታና አየር ካገኘ ከዋጋው በላይ ጉልበት ይሰጣል፤ ካላገኘ የከፈሉበትን ጉልበት ሙቀት ይበላዋል።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደሚፈልጉት ይወስኑ

በአንድ ዓይነት ዋጋ ሁለት ዓይነት ላፕቶፕ ይገኛል። አንደኛው ስስና ቀላል ሆኖ ባትሪው ቀኑን ሊያውል የሚችል ነው፤ ነገር ግን የጌምና የንድፍ ምስሎችን የሚያሰላው የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ሁለተኛው ካርዱን ይዞ ባትሪውንና ቅለቱን የሚያስከፍልዎ ነው። ሥራዎ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሒሳብ መሥራትና ስብሰባ መከታተል ከሆነ የመጀመሪያውን ይግዙ። እንደ ሬቪትና ብሌንደር ያለ የሕንፃና የምስል ንድፍ ፕሮግራም ወይም የቪዲዮ ማቀናበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ሁለተኛው ሰዓታት ያተርፍልዎታል። ጌም መጫወቱም ተጨማሪ ደስታ ነው፤ አላፍርበትም።

ክብደቱን አይናቁ። ማሽኑ ብቻውን ሁለት ኪሎ ግራም ተኩል ሊጠጋ ይችላል፤ ቻርጀሩ ሲጨመር ሦስት ይሆናል። ከፍራንኮ ሰፈር ተነሥቶ በባጃጅ ወደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚመላለስ ተማሪ በየቀኑ ይህን ተሸክሞ ከክፍል ክፍል መዞሩን ያስብበት።

ደረጃ 2፦ ከስሙ ይልቅ ዋቱን ያንብቡ

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይውሰዱ። ኤንቪዲያ ለላፕቶፕ የሚሠራው አርቲኤክስ 4060 ካርድ እንደ ላፕቶፑ አምራች ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ኃይል ሊመደብለት ይችላል። ሁለት ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት ተለጣፊ እያዩ አንዱ ከሌላው በእጅጉ ሊዘገይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩ ዋቱን ካላወቀ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ጽፈው ይውሰዱና በአምራቹ ገጽ ላይ ይመልከቱ።

ከዚያ የካርዱን የራሱን ሜሞሪ፣ ማለትም የሚሠራበትን ምስል የሚይዝበትን ቦታ፣ ያጣሩ። 4050 ባለ 6 ጊጋባይት፣ 4060 ባለ 8 ጊጋባይት ነው። 3050 ግን ብዙውን ጊዜ 4 ጊጋባይት ብቻ ይዞ ስለሚመጣ ከባድ የሦስት ገጽታ ሥራ ቶሎ ይሞላዋል። ገንዘብዎ ካነሰ ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ሜሞሪ) እና ማከማቻውን ይቀንሱ እንጂ ካርዱን አይቀንሱ። ራምና ማከማቻ በአብዛኞቹ የጌም ላፕቶፖች ላይ በኋላ ይጨመራሉ፤ ካርዱ ግን ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ የገዙት ዕለት የነበረው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ራም ሲጨምሩም ከአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ሁለት ባለ 8 ቢሆን ማሽኑ ይፈጥናል።

መካከለኛ ዋጋ ላይ አምራቾች የሚቆጥቡት ስክሪኑ ላይ ነው። 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር) ተብሎ በፍጥነቱ ይወደሳል፤ ቀለሙ ግን የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። እኔ ስክሪን ላይ ለስላሳ ክሬም አድርጌ የላክሁት የግድግዳ ቀለም ደንበኛዬ ስልክ ላይ ወደ ቢጫ ሄዶ አሳፍሮኛል። ከቀለም ጋር የሚሠሩ ከሆነ ኤስአርጂቢ የተባለውን የቀለም ክልል 100 በመቶ የሚሸፍን ስክሪን ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ሳይከፍሉ ይፈትኑ

ግማሽ ሰዓት ይጠይቁ። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎት ወደ ሌላው ይሂዱ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ከባድ ጌም ወይም የሦስት ገጽታ ሥራ ይክፈቱና ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሙቀቱን ይከታተሉ። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና የስሌት ክፍል) 90 ዲግሪ ቢነካ አይደንግጡ፤ የዚህ ዓይነት ማሽን ባሕርይ ነው። ከ95 በላይ ቆይቶ ፍጥነቱ ሲወርድ ካዩ ግን ይተዉት። ያገለገለ ከሆነ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ያነጻጽሩ፤ ይኸው ፕሮግራም ሁለቱንም ያሳያል።

ከዱባይ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ አላቸው፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው። 200 ዋት የሚስብ ቻርጀር በሚወላከፍ መቀየሪያ ላይ አይስቀሉ። ገመዱ ከቻርጀሩ ሳጥን የሚላቀቅ ስለሆነ በልኩ ጥሩ ገመድ ይግዙለት።

ደረጃ 4፦ ሙቀትና አቧራን ይከላከሉ

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ከከተማዋ አጠገብ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ወደ ቤታችን ያመጣዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚጠርገው ሙቀትም በባሕር ዳርቻ ካለው ያንሳል።

አንድ መጋቢት ማታ፣ ለማግስቱ የሚቀርብ ሥራ ይዤ አልጋ ላይ ጋቢ አንጥፌ ተቀመጥሁ። ላፕቶፑ ከሥሩ አየር የሚስብበት ቀዳዳ በጋቢው ተደፈነ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ማሽኑ ራሱን አጠፋ፤ ያልተቀመጠው ሥራ ሁሉ ጠፋ። በማግስቱ ሲከፈት በሙቀት ማስወጫው ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ተባዘተ ጥጥ ተጋግሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ላፕቶፑ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የኋላው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ ሁለት የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። ነፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር አላስቀምጠውም። በየሦስት ወሩ አጥፍቼ፣ ከሶኬት ነቅዬ፣ ክዳኑን ፈትቼ አቧራውን በአየር አስወጣለሁ። ያኔ የፋኑን ክንፍ በጣት መያዝ ግድ ነው፤ በአየሩ ግፊት ከልክ በላይ ቢሽከረከር ይበላሻል። ለመፍታት የማይደፍር ሰው ወደ ጥገና ቤት ይውሰደው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

በጣም በሚሞቁት ወራት አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ያውርዱት። በዚህ ለውጥ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት ሁኔታ ስለሚጠፋ ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል፤ ጌም ላይ የሚያጡት ፍጥነት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። የጌሙን ፍጥነት በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ላይ መገደብም ፋኑን ጸጥ ያሰኘዋል። የፋኑ ጩኸት በአንድ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ከመብራቱ ጋር ያስማሙት

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ መሆኑ ትልቁ ጥቅሙ ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያለው ጎረቤቴ ሥራው ሲቋረጥበት እኔ አስቀምጬ ለመዝጋት በቂ ጊዜ አለኝ። ከዚያ በላይ ግን አይጠብቁ። 60 ዋት-ሰዓት የያዘ ባትሪ 100 ዋት የሚበላ ጌም ከአንድ ሰዓት በታች ነው የሚያቆየው፤ ካርዱም በባትሪ ሲሠራ ጉልበቱን ይቀንሳል።

ቻርጀሩ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ በአምራቹ ፕሮግራም ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ሊቲየም ባትሪ ሙሉነትና ሙቀት ሲደራረቡበት ቶሎ ያረጃል። መብራት እንደ ጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉት፤ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲሰላ ከበፊቱ እጅግ ተወዷልና ይህ ትዕግሥት ያዋጣል።

ማሽኑን በገዙ ዕለት ደግሞ አንድ ጌም ለሃያ ደቂቃ አጫውተው የደረሰበትን ሙቀት ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። በየወሩ ያንኑ ጌም በዚያው ቅንብር፣ በዚያው ሰዓት ይድገሙት። ቁጥሩ ከመጀመሪያው በስምንት ወይም በአሥር ዲግሪ ሲበልጥ፣ ሦስት ወሩ ባይሞላም ክዳኑ የሚፈታበት ጊዜ ደርሷል።