የእንጨት ሥራ ክፍላችሁን በማገዶ ስታሞቁ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል፤ ኮላውም አልደርቅ ይላል። እቤቱ እንጨት የሚሠራ ሰው በርሜል አስበይዶ ምድጃ ቢያደርግ አይገርምም። (ዝቅ ብላ የምትሞቀው ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ለእናንተ ሹራብ ይበቃል።)

ከበርሜሉ እንጀምር። ቲነር ወይም ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ዝም ብሎ ማስቆረጥ ትልቅ ስህተት ነው። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት በብየዳ ብልጭታ ይፈነዳል። ምን እንደነበረበት ካላወቃችሁ ተዉት። ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን እሳት ደጅ አንድዱበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ጭስ ማውጫው ላይ ነው። ገንዘቡ ምድጃው ላይ ያልቅና አጭር ቧንቧ በግድግዳ ሾልኮ ይቀራል። ጭሱን ወደ ላይ የሚስበው የቧንቧው ቁመትና ሙቀት ነው። እንደ ደሴ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ስበቱ ይቀንሳል፤ ቆላ ከሚበቃው ረዘም ማለት አለበት። መታጠፊያ አታብዙበት። ጫፉም ከጣሪያው አናት በላይ ይውጣ፤ ያለዚያ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጭሱ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነው። ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ቆርቆሮ አይቃጠልም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ወራጅ አለ፣ ኮርኒሱም ብዙ ጊዜ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ነው። እነዚህን አርቁና ክፍተቱን በላሜራ አሸፍኑት። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ቧንቧውን አውርዳችሁ ጥረጉ። እርጥብ እንጨት ሲነድበት የከረመ ቧንቧ ውስጡ ጥቀርሻ ይጋገርበታል፤ አንድ ቀን ጥቀርሻው ራሱ ይያያዛል።

ያገኙትን ቁራጭ ሁሉ መማገድም አለ። ኤምዲኤፍና ቺፑድ የእንጨት ብናኝና ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠሩ ናቸው፤ ጭሳቸው ዓይንና ጉሮሮ ይለበልባል። የተቀባ ጣውላም አይሆንም። ከሁሉ የከፋው የመብራት ምሰሶ ቁራጭ ነው፦ ምስጥ እንዳይበላው የተነከረበት መድኃኒት አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል፤ ያኔ ጭሱም ዐመዱም መርዝ ነው። ደረቅ ባሕር ዛፍ ምን አለው? ጫፉ የተሰነጣጠቀ፣ ሁለቱን ስታጋጩት ጠንካራ ድምፅ የሚሰጠውን ምረጡ።

ሰጋቱራ በእፍኝ እሳት ውስጥ አትወርውሩ፤ ደቃቁ ብናኝ አየር ላይ ቦግ ይላል። ምድጃው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ይሁን። ቫርኒሽ በምትቀቡበት ቀን እሳት የሚባል ነገር አይኑር። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል።

ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ መድፈንስ? እሳቱም እናንተም አየር ትፈልጋላችሁ። ከእሳቱ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ “ብርድ መታኝ” አትበሉ፣ ቶሎ ውጡ። እዚያ መተኛትማ አይታሰብም።

ዐመዱን በካርቶን አታውጡ። ውስጡ ያለ ፍም ለማግስቱም ሊቆይ ይችላል። ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከሰጋቱራው ርቆ ደጅ ይደር።