«እሺ» ብሎ ከማለፍ በፊት፦ አሜሪካ ለገቡ የሶፍትዌር ባለሙያዎች

አሜሪካ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ የሚንቀራፈፍ አንድ የዳታቤዝ ኩዌሪ (ከመረጃ ቋት መረጃ የሚጠይቅ ትእዛዝ) እንዳስተካክል ተሰጠኝ። ኮዱ ከማላውቀው ሌላ ሲስተም ጋር ተጠላልፏል። ሰኞ ያዘኝ፤ ማክሰኞም እዚያው ነኝ። አለቃዬ ባለፈ ቁጥር «እንዴት ነው ሥራው?» ይለኛል፤ «ጥሩ ነው» እላለሁ። ዓርብ ላይ ሥራው አለማለቁ ሲታወቅ በመዘግየቱ አልተቆጣም። «ለምን ሰኞ አልነገርከኝም?» ነው ያለኝ። ያልነገርኩት እሱን ላለማስቸገር ነበር። እኔ አከበርኩት ስል እሱ ደበቀኝ ብሎ አዘነ።

ከዚያ ወዲህ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ አዲስ የመጡ ልጆች ሥራ ሲፈልጉም ሲጀምሩም አይቻለሁ። በችሎታቸው የሚታሙ አይደሉም። የሚጎዳቸው ይሄው ዝምታ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን አነሣለሁ።

«እሺ» የምትለዋ ቃላችን ብዙ ሸክም አለባት። ሰምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ፣ ባልስማማም አልከራከርዎትም፣ ዛሬ አይመቸኝም ነገ እናየዋለን፤ ይህን ሁሉ እኛ ከድምፁና ከፊቱ እንለየዋለን። «ኦኬ» ሆና ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር ግን የምትይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገብቶኛል፣ አደርገዋለሁ። ስለዚህ ያልገባችሁን በ«ኦኬ» አትለፉ። «የገባኝን ልድገመው» በሉና በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት። እዚህ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጥንቁቅ ይባላል።

ሥራ ሲይዛችሁ ግማሽ ቀን ታገሉ፤ ከዚያ ጠይቁ። ግማሽ ቀን የእኔ ልክ ነው፤ የቡድናችሁን ልክ በመጀመሪያው ሳምንት አለቃችሁን ጠይቁት። ስትጽፉ ምን ልትሠሩ እንደነበር፣ ምን እንደሞከራችሁ፣ ምን እንዳያችሁና ምን እንደምትፈልጉ ይኑርበት። «የክፍያውን ቴስት ላስኬድ ፈልጌ ነበር። ኮንፊጉን ቀይሬ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ አሁንም ታይምአውት ይላል። ይህን ሰርቪስ የሚያውቅ ሰው 15 ደቂቃ ሊሰጠኝ ይችላል?» በቃ፣ ይህን ያህል ነው። ስላስቸገርኩ ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የሞኝ ሊሆን ይችላል የሚለውን መግቢያ ተዉት። ደግሞም ለአንድ ሰው በግል ከመላክ በቡድኑ ቻናል ላይ ጻፉት። ይሉኝታው እንደሚይዛችሁ አውቃለሁ፤ እኔንም ይዞኛል። ነገር ግን መልሱ እዚያ ከተቀመጠ ከእናንተ በኋላ የሚቀጠረውም ያገኘዋል። ስታንድአፕ የሚባለው የጠዋቱ አጭር የቡድን ስብሰባም፣ ስክረም በሚባለው የቡድን አሠራር ደንብ ከ15 ደቂቃ ስለማያልፍ፣ የሠራችሁትን ከመዘርዘር በፊት የያዛችሁን ነገር ተናገሩ።

ኮድ ሪቪው፣ ማለትም ባልደረቦች አንዱ የሌላውን ኮድ የሚያዩበት ሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። በሰው ፊት መታረም ለእኛ ውርደት ነው፤ የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስታችሁ (ኮዴን አይታችሁ አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ላይ ግን ሃያ አስተያየት ሊመጣ ይችላል። ሃያው ሁሉ ስለ ኮዱ ነው። «ኒት» ተብሎ የሚጀምረው ጥቃቅን ነገር ስለሆነ እንቅልፍ አያሳጣችሁ። የተስማማችሁበትን አስተካክሉ፤ ያልተስማማችሁበትን ምክንያት ሰጥታችሁ መልሱ፤ ዝም ብላችሁ የምታልፉት አይኑር። በሌላ በኩል የትልቅ ኢንጂነር ኮድ ሲደርሳችሁ አክብራችሁ «ኤልጂቲኤም» (ለእኔ ጥሩ ነው) ብላችሁ አትሸኙት። የታያችሁን በጥያቄ መልክ አቅርቡት፦ «ይህ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ቢመጣ ምን ይሆናል?» ትልቁ ሰው የሚያመሰግነው ይህን ነው።

አሜሪካኖች ፊት ለፊት ይናገራሉ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ በግማሹ ብቻ እመኑት። አለቃ «ይህን ብታየው ጥሩ ሳይሆን አይቀርም» ካለ ትእዛዝ ነው። «ኢንተረስቲንግ» ብሎ ወደ ሌላ ርእስ የተሻገረ ሰው ሐሳባችሁን አልተቀበለው ይሆናል። ምስጋና፣ «ግን»፣ እንደገና ምስጋና ከሆነ የመጣው፣ መልእክቱ መሀል ላይ ነው፤ እሱን ጻፉት። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ ብዙም አያቅተውም። እስራኤል የሚሠሩ ወገኖቻችን ግን ተቃራኒው ነው የሚገጥማቸው፤ እዚያ «ዱግሪ» የሚባል፣ ነገር ሳያለዝቡ የመናገር ልማድ አለና።

ስለ ራስ መናገር ለብዙዎቻችን ከሁሉ ይከብዳል። ቃለ መጠይቅ ላይ «እኛ ሠራነው» ስትሉ ጠያቂው የእናንተን ድርሻ ሊለይ አይችልም። ሁኔታው ምን ነበር፣ ኃላፊነቴ ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ውጤቱ ምን ሆነ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ተለማመዱ፤ ስታር ይሉታል። ከተቀጠራችሁ በኋላም በብዙ ድርጅቶች የሥራ ግምገማችሁን መጀመሪያ የምትጽፉት ራሳችሁ ናችሁ። ዓርብ ዓርብ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ የሳምንቱን ሥራ ማስታወሻ ላይ አስፍሩ፤ ያን ጊዜ ግምገማው ሲመጣ ራሳችሁን ማወደስ ሳይሆን ማስታወሻ መገልበጥ ይሆንላችኋል።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልበል። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን የምንለው «አዎ» እዚህ ሰው ያስደነግጣል፤ ምን ሆንክ ይሏችኋል። ዓይን ሰበር ማድረግ ትሕትና መሆኑን አያውቁም። አለቃን በስሙ ጥሩት፣ አቶም ኢንጂነርም አይጨመርበትም፤ እናንተን ግን አንዳንዱ በአባታችሁ ስም ሊጠራችሁ ይችላል። 5/9 ብሎ የጻፈ አሜሪካዊ ሜይ 9 ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ካለ ቡድን ጋር የምትሠሩ ከሆነ፣ ዋሽንግተን ከማርች እስከ ኖቬምበር 7፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ደግሞ 8 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነች አትርሱ፤ ሰዓቱ የሚቀየረው በማርች ሁለተኛና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው።

ለመለማመጃ ቶስትማስተርስ የሚባለውን በሰው ፊት ንግግር የሚለማመዱበት ማኅበር አጥብቄ እመክራለሁ። በ1924 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ በየከተማው ክበብ አለው። ቴብል ቶፒክስ የሚሉት ክፍል ላይ ያልተዘጋጃችሁበት ጥያቄ ይሰጣችሁና አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ትናገራላችሁ፤ ለስታንድአፕ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላገኘሁም። የመጀመሪያ ቀን እንግዳ ሆናችሁ ግቡና ሌሎቹን አዳምጡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን እጃችሁን አውጡ።