ከችሎት ወደ አስማሚነት፦ ጡረታ የወጣ ዳኛ ሁለተኛ ሥራውን እንዴት ይጀምር?

ጡረታ ስወጣ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር። «አስማሚነት ለእርስዎ ምን ይከብዳል? ዕድሜ ልክዎን ክርክር ሲሰሙ አይደል የኖሩት?» እኔም አመንኩ። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። ዳኛ ሰምቶ ይወስናል። አስማሚ ሰምቶ ውሳኔውን ለባለጉዳዮቹ ይተዋል። ይህችን ልዩነት በቃል መናገር ቀላል ነው። ከአፌ ወደ እጄ እስክትወርድ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

መንገዱን የጀመርነው እኛ አይደለንም። በ1979 እ.ኤ.አ. ዋረን ናይት የተባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጃምስ የተባለውን የማስማማትና የግልግል ድርጅት አቋቋሙ። ዛሬ በመስኩ ስማቸው ከሚጠራ ተቋማት አንዱ ነው። እዚያ ከሚሠሩት ብዙዎቹም የቀድሞ ዳኞች ናቸው።

1. የትኛውን ሥራ እንደሚፈልጉ ይለዩ

የግልግል ዳኛ ልክ እንደ ዳኛ ማስረጃ ሰምቶ ውሳኔ ይሰጣል። የኒውዮርክ ስምምነት በሚባለው የ1958 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ውል መሠረት ውሳኔው በሌሎች አባል አገሮችም ሊፈጸም ይችላል። ለቀድሞ ዳኛ የሚቀለው ይኼ ነው። አስማሚነት ግን ሌላ ሙያ ነው። ሁለቱንም መሥራት ይቻላል። በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለቱንም መሆን ግን አልመክርም። ሰው ነገ ሊፈርድበት ለሚችል ሰው የልቡን አይነግርም።

2 እና 3. ይሠልጥኑ፣ ከዚያ ከሰው ጎን ይቀመጡ

በብዙ ቦታ መሠረታዊው ሥልጠና 40 ሰዓት አካባቢ ነው። «እኔ ዳኛ ነበርኩ» ብለው አይዝለሉት። ንግግር የሚበዛበትን ሳይሆን ልምምድ የሚበዛበትን ይምረጡ። ሲጨርሱ ልምድ ካለው አስማሚ ጎን በረዳትነት ጥቂት ጉዳዮችን ይከታተሉ። የምስክር ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ይሰቀላል፤ ሥራውን የሚያስተምርዎ ግን ከሰው ጎን መቀመጡ ነው።

4. ማንን እንደሚያውቁ አስቀድመው ይናገሩ

በችሎት ያዩትን ጉዳይ በአስማሚነት አይያዙ። ጠበቃው በፊትዎ ተከራክሮ የሚያውቅ ከሆነም ለሁለቱም ወገን በጽሑፍ ይግለጹ። ነገሩ ከጨዋነትም ያለፈ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሲንጋፖር ስምምነት የተባለ ዓለም አቀፍ ውል፣ ድንበር ተሻጋሪ የንግድ አለመግባባቶች በማስማማት ሲያልቁ ባለጉዳዮቹ የፈረሙት ስምምነት በአባል አገሮች እንዲፈጸም ያደርጋል። ነገር ግን አስማሚው ገለልተኝነቱን የሚያጠራጥር ነገር ደብቆ ከሆነ፣ ያም ባይደበቅ ኖሮ ወገኑ ስምምነቱን አይፈርምም ነበር ከተባለ፣ ፍርድ ቤት አላስፈጽምም ሊል ይችላል። የእርስዎ ዝምታ የሰዎችን ዕርቅ ሊያፈርስ ይችላል ማለት ነው።

ክፍያን በተመለከተ በሰዓት ወይም በቀን ይተምኑ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ቢከፍሉ ይመረጣል። ከሚገኘው ገንዘብ ላይ መቶኛ አይቀበሉ።

5. ፍርድዎን በልብዎ ይያዙ

ሌላው ሁሉ ይለመዳል። ይኼኛው ግን የሚያሰቃይ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮቼ አንዱ የሁለት የሥራ ሸሪኮች ጠብ ነበር። ማታውን መዝገቡን በደንብ አነበብኩ። ጠዋት ትልቁ ሸሪክ ስለ አንድ የቆየ ዕዳ ሲናገር አቋረጥኩት። «ይኼ እንኳ በይርጋ የታገደ ነው» አልኩ፤ በሕግ የመጠየቂያ ጊዜው አልፏል ማለቴ ነው። በሕጉ ትክክል ነበርኩ። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላኛው ወገን አንድ ብር እንኳ ሊጨምር አልፈለገም። ለምን ይጨምራል? ዳኛው ፈርዶለታል። ትልቁ ሰውዬ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

በኋላ ስሰማ ሰውዬው የፈለገው ዕዳውን አልነበረም። አብረው የከፈቱትን ድርጅት ስም ሌላኛው ሳይነግረው ስለቀየረ ነበር የተጎዳው። ያን የሚያወጣ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። በጋራ ስብሰባ ላይ ስለ ሕጉ ምንም አልልም። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ከዚያ «ይኼ ለእርስዎ ለምን አስፈለገ?» እላለሁ። «ሁለት መቶ ሺህ እፈልጋለሁ» አቋም ነው። «ለልጄ ትምህርት ቃል ገብቻለሁ» ፍላጎት ነው። ሊደራደሩበት የሚቻለው ሁለተኛው ነው።

ደካማ ክርክር ይዞ የመጣ ሰውስ? በተናጠል ክፍል ብቻውን አገኘዋለሁ። ያኔም አልፈርድበትም፤ እጠይቀዋለሁ። «ይህ ሰነድ ተቀባይነት ቢያጣስ ምን ይቀርዎታል?» «ይግባኙን ጨምሮ ስንት ጊዜ ለመጠበቅ ተዘጋጅተዋል?» «ቢያሸንፉስ፣ ገንዘቡን ከየት ያስፈጽማሉ?» መልሱን ራሱ ሲያገኘው ይቀበለዋል። ከእኔ አፍ ከሰማው ግን ይከላከላል።

«እርስዎ ዳኛ ነበሩ፤ ማን ይረታል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የኔ መልስ ሁሌ አንድ ነው። «ያን የሚወስነው ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ ነው። እኔ እዚህ ያለሁት ወደዚያ ሳትሄዱ መጨረስ ትችሉ እንደሆነ ለማየት ነው።» ግምገማ የሚሰጡ አስማሚዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ሁለቱም ወገን በግልጽ ከጠየቁና ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ እኔም አልቃወምም። ጀማሪ የቀድሞ ዳኛ ግን በዚህ አይጀምር። እጁ ወደለመደበት ይሄዳል።

ከተናጠል ክፍል ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ ይህን ይጠይቁ፦ «ለወዲያኛው ወገን እንድናገር የሚፈቅዱልኝ የቱን ነው?» ያልተፈቀደ ሁሉ ምስጢር ነው። ለዚህ ላፕቶፕ አልወድም። ስክሪን በሰውና በእርስዎ መካከል ይቆማል። ተራ ደብተር መሃል ለመሃል አስምሬ በቀኝ የሚነገረውን፣ በግራ የማይነገረውን እጽፋለሁ። ጉዳዩ ሲያልቅ ወረቀቱን እቆራርጣለሁ።

6. ሲስማሙ ሳይበተኑ ይጻፍ

ሌሊት ሐሳብ ያስቀይራል። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደሚፈጽም፣ ቢያዘገይ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ቃላቱን ጠበቆቻቸው ይምረጡ፤ እርስዎ ያልተወራ ነገር እንዳልገባና የተወራው እንዳልቀረ ያረጋግጡ። ጉዳዩ ድንበር ተሻጋሪ ንግድ ከሆነ ስምምነቱ በማስማማት የተገኘ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። የእርስዎ ፊርማ ለዚህ ይጠቅማል።

ካልተስማሙ፣ ጉዳዩን ለላከልዎት ፍርድ ቤት የሚጽፉት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አልተስማሙም»። ማን እንዳስቸገረ፣ ማን ስንት አቅርቦ እንደነበር አይጻፍም። ለባለጉዳዮቹ ደግሞ በሩ ክፍት መሆኑን ነግረው ይሸኙዋቸው። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሁለቱም ስልክ እደውላለሁ። አንዳንዴ መልሰው ይመጣሉ።