ዳገት ላይ የሚዘለውን የብስክሌት ካቴና እንዴት እንዳስተካከልሁት

በመስከረም መጨረሻ፣ መስኩ አደይ አበባ በለበሰበት ሳምንት፣ ከጓደኞቼ ጋር በብስክሌት ወደ ሱሉልታ ስንጓዝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የእንጦጦ ዳገት ላይ ካቴናዬ ከትልቁ የኋላ ጥርስ እየተንሸራተተ ወደ ትንሹ ይዘልብኝ ጀመር። ካቴናው ያረጀ መስሎኝ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የማርሹ ገመድ መላላት ነው። አዲስ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች መላላቱ የተለመደ ሲሆን፣ የእኔም ከተቀየረ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ስለዚህ ገመዱን ለማጥበቅ ብስክሌቱን ገልብጬ፣ ፔዳሉን በእጄ እያዞርሁ፣ ገመዱ ወደ ኋላው ማርሽ መቀየሪያ በሚገባበት ቦታ ያለውን ማስተካከያ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ መጀመሪያ ግማሽ፣ ቀጥሎም ሩብ ዙር አዞርሁት፤ በእጅ ስለሚዞር መፍቻ አላስፈለገኝም። በትዕግሥት የጠበቁኝን ጓደኞቼን ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሱሉልታ ድረስ ካቴናው አንድ ጊዜ እንኳ አልዘለለም።