ፀሐይ ቅጠል ውስጥ ያስቀመጠችው ምግብ እንዴት ይታያል?

ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አቀናጅቶ ስኳር ይሠራል። ትርፉን በስታርች መልክ እዚያው ያስቀምጥና ሌሊት ይጠቀምበታል። ሽሮም በሉ ጥብስ፣ የኃይሉ መነሻ ይኸው ነው። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በጣሳ የበቀለ ቦሎቄ፣ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮልና አዮዲን ይበቃል። አዮዲኑ ስታርች ያለበትን ቦታ ያጠቁራል። የሽንኩርት ቅጠል ግን አይሆንም፤ ስታርች አያከማችም።

መጀመሪያ ተክሉን ለ48 ሰዓት ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ያቆዩት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የቀድሞው ስታርች ካላለቀ ቅጠሉ በሙሉ ይጠቁርና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ ሁለት ጣት የሚሰፋ ፎይል በቅጠሉ ወገብ ላይ ከላይም ከታችም አጥፈው በአግራፍ ይያዙ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት።

ቅጠሉን ቆርጠው፣ ፎይሉን አንስተው፣ ለ1 ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። አሁን እሳቱን ያጥፉ፤ የአልኮል እንፋሎት ከሩቅም ይያያዛል። ቅጠሉን አልኮል ባለበት ብርጭቆ ከትተው ብርጭቆውን ሙቁ ውሃ መሃል ያቁሙት። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚፈላ የውሃው ሙቀት ብቻውን ይበቃል። ከ10 ደቂቃ በኋላ አልኮሉ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ነጣ ያለ ይሆናል። ካልሆነ ሙቁን ውሃ ይቀይሩ፤ 70 በመቶው አልኮል ትንሽ ይዘገያል።

ከአልኮል የወጣ ቅጠል እንደ ደረቅ ወረቀት ይሰበራል። ሙቅ ውሃ ውስጥ አለስልሰው ነጭ ሳህን ላይ ይዘርጉት፤ ቀይ ሻይ እስኪመስል የቀጠነ አዮዲን ያንጠባጥቡበት። ልብስ ያበላሻልና ይጠንቀቁ። ብርሃን ያገኘው ክፍል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፣ ፎይሉ የነበረበት ቡናማ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

አባጨጓሬ የሚፈልገው ያንን ጥቁር ክፍል ነው። ከበላው ኃይል አብዛኛው በሙቀት፣ በእንቅስቃሴና በኩስ ይወጣል፤ ወደሚበላው ወፍ የሚያልፈው በግምት 10 በመቶው ነው። ሜዳው ላይ ሣሩ የትየለሌ፣ ጭልፊቷ አንዲት የሆነችውም ለዚህ ነው።

የፎይሉ መስመር ከጠቆረ ከታች ብርሃን ሾልኳል፣ ወይም የጨለማው ጊዜ አጥሯል። ምንም ካልጠቆረ ቀኑ ዳመናማ ነበር፤ ወይም ተክሉ ውሃ ጠምቶት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቷል። ዋዜማውን ያጠጡትና ከጨለማው ይጀምሩ።