ሳይደክሙ ቤትዎ ሰው እንዴት ይጋብዛሉ?

ቤቱ ሰው የሚጋብዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ሥራ ስለበዛበት ሳይሆን እንግዶቹ ከገቡም በኋላ ሥራው ስለማያልቅ ነው። ያልበሰለ ነገር ምድጃ ላይ ይቀራል፣ መክፈቻ ይጠፋል፣ ብርጭቆ ያልቃል፤ ጋባዡ ከማድ ቤት ሳይወጣ ሰው ተሰነባብቶ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ደንብ ይያዙ፦ የመጀመሪያው እንግዳ በር ካንኳኳ በኋላ የእርስዎን እጅ የሚፈልግ ሥራ ወይ አስቀድሞ ይለቅ፣ ወይ እንግዳው ራሱ እንዲሠራው ይመቻች፣ ወይ ከነጭራሹ ይቅር። ከዚህ በታች ያለው መጠን ለ12 ሰውና ለ3 ሰዓት ቆይታ የተሰላ ነው። ከ20 ሰው በላይ ከሆነ ለብቻ አይሞከርም፤ የሚያግዝ ሁለተኛ ሰው ይያዙ።

ጥሪው

መልእክቱ ላይ ቀኑ፣ የሚጀመርበት ሰዓት፣ የሚያበቃበት ሰዓትና የሚበላው ነገር ይጻፍ። የማብቂያ ሰዓት መጻፍ ነውር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እንግዳውን ግን ያሳርፈዋል። መቼ ልነሳ ብሎ አይጨነቅም፣ ልጅ ያለውም ልጁን የሚጠብቅለት ሰው ያመቻቻል። ምግቡን በተመለከተ «ራት አለ» ወይም «መክሰስ ብቻ ነው» ብሎ መለየት የግድ ነው። በራት ሰዓት ጠርተው ይህን ሳይናገሩ ከቀሩ ግማሹ በልቶ፣ ግማሹ ተርቦ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ምንም ያህል ቢያዘጋጁ ልክ አይሆንም። ከሳምንት እስከ 10 ቀን አስቀድመው ይላኩ፣ በዋዜማው አጭር ማስታወሻ ይድገሙ። የማይስማማው ምግብ ያለው ሰው እንዲያሳውቅዎትም እዚያው ላይ ይጠይቁ።

«ምን ይዤ ልምጣ?» ለሚል ሰው ቁርጥ ያለ ነገር ይንገሩት፦ ሁለት ከረጢት በረዶ፣ ወይም ታጥቦና ተቆርጦ የተዘጋጀ ፍራፍሬ። «ደስ ያለህን» ከተባለ ሦስት ኬክ ይመጣል፣ በረዶ የሚያስታውስ ግን አይገኝም። መጥቶ የሚሞቅ፣ የሚቆረጥ ወይም የሚቀላቀል ምግብ አመጣለሁ የሚልዎትን በትሕትና ወደ ሌላ ነገር ያዙሩት፤ ምድጃዎንና ጊዜዎን ይሻማል።

ምን ይሠራ?

አንድ ዋና ምግብ፣ አንድ አብሮት የሚበላ ነገር፣ አንድ ሰላጣ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ዋናው ምግብ በዋዜማው ተሠርቶ የሚያድር፣ ሲሞቅ ጣዕሙ የማይጎድል፣ በአንድ ማንኪያ ወይም ሹካ ቆመው የሚበሉት ይሁን። ቢላ የሚጠይቅ ምግብ ለእያንዳንዱ ሰው ወንበርና ጠረጴዛ ይጠይቃል። መረቅ ያለው ወጥ፣ ወፍራም ሾርባ፣ ባቄላ ወይም ምስር ለዚህ የተመቹ ናቸው። በዘይት የተጠበሰ ነገር አይመከርም፤ ቅርፊቱ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ከመረቅ ጋር ተቀላቅሎ ያደረ ፓስታም መረቁን መጥጦ ያብጣል። ዋናውን ምግብ ያለ ሥጋ ሠርቶ ሥጋውን ለብቻ ማቅረብ ጥሩ ዘዴ ነው፤ የሚበላውም የማይበላውም ከአንድ ድስት ይጠቀማሉ፣ ሁለት ዓይነት ራት ማብሰል ይቀራል።

ለአንድ ሰው ከ350 እስከ 400 ግራም ወጥና 75 ግራም ያልበሰለ ሩዝ ይበቃል፤ ለ12 ሰው ከ4.2 እስከ 4.8 ኪሎ፣ በደፈናው 5 ኪሎ ወጥና 900 ግራም ሩዝ ማለት ነው። ዋና ምግብ ከሌለና በእጅ የሚነሳ ትንንሽ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ለራት ምትክ ለሰው ከ10 እስከ 12 ቁራጭ፣ ለመክሰስ ከ5 እስከ 6 ቁራጭ ያስቡ።

ለ4 ሰው የሚሠሩትን ለ12 ሲያበዙ ሥጋው፣ ሽንኩርቱና ጥራጥሬው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ውሃው ግን አይሆንም። ትልቅ ድስት ውስጥ ካለው ፈሳሽ አንጻር ለአየር የተጋለጠው ገጽ ትንሽ ስለሆነ ተንኖ የሚሄደው ውሃ ያንሳል። ሁለት እጥፍ ተኩል አድርገው ይጀምሩ፣ ሲወፍር ይጨምሩ። ጨውንና የሚያቃጥል ቅመምንም እንዲሁ ቀንሰው ይጀምሩ፤ መጨረሻ ላይ ቀምሶ መጨመር ይቻላል፣ ማውጣት ግን አይቻልም። ድስቱ ሥሩ ወፍራም ይሁን፤ ስስ ድስት 5 ኪሎ ወጥ ላዩ ሳይፈላ ሥሩን ያሳርራል።

በዋዜማው ማብሰልና ማቀዝቀዝ

ይህን ክፍል ረጋ ብለው ያንብቡት። በዋዜማው ማብሰል ግብዣውን ከሁሉ በላይ የሚያቀልለው እርምጃ ነው፤ በወጉ ካልቀዘቀዘ ግን እንግዳ የሚያሳምመውም እሱ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መካከል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። 5 ኪሎ ወጥ እንደ ተከደነ ድስቱ ውስጥ ካደረ፣ ላዩ ቀዝቅዞ እንኳ መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል።

«ጠዋት ደግሜ አፈላዋለሁ» የሚለው ማስተማመኛ ሁልጊዜ አይሠራም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ማፍላትን የሚቋቋም ዘር አላቸው፤ ምግቡ ለብ ሲል ይነሳሉ፣ ይራባሉ። ከእነሱ መካከል ሩዝ ላይ የሚገኘው ዓይነት የሚተወው መርዝ ድጋሚ ቢፈላም አይጠፋም። ምግቡ ሽታውም ጣዕሙም ምንም ሳይለወጥ ሊያስታውክ ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄው ማሞቁ ላይ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዙ ላይ ነው።

ትኩሱን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም አያዋጣም። መሃሉ ያው ትኩስ ሆኖ ይቆያል፣ አጠገቡ ያለውን ወተትና ሥጋም ያሞቀዋል። ትክክለኛው መንገድ ጥልቀቱን መቀነስ ነው። ወጡን ከእሳት እንዳወጡ ሰፋፊ ትሪዎች ላይ ይገልብጡት፤ የወጡ ከፍታ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። 25 በ35 ሴንቲ የሆነ ትሪ በዚህ ከፍታ ከ4 ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ስለሚይዝ 5 ኪሎው በሁለት ትሪ ይበቃል። የእቃ ማጠቢያ ገንዳውን ደፍነው ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ ያድርጉበት፣ ውሃው እስከ ትሪው ወገብ ይድረስ፣ ትሪውን ያስቀምጡና በየጥቂት ደቂቃው ያማስሉ። ውሃው ሲሞቅ ይቀይሩት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ እንፋሎቱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ክዳኑን ከፈት አድርገው ፍሪጅ ያስገቡ፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ ይክደኑት። ልኩ ይህ ነው፦ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት ውስጥ መውረድ አለበት። ምግብ ላይ የሚሰካ ቴርሞሜትር መግዛት የሚያስቆጭ አይደለም። ለግብዣ ተብሎ ከሚገዛው ብዙ ዕቃ ሁሉ በእርግጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ፍሪጁ በመጠጥ ሞልቶ ለትሪው ቦታ ሲጠፋ። ምድጃ ከመለኮስዎ በፊት ባዶውን ትሪ ፍሪጅ ውስጥ አስገብተው መግባቱን ይሞክሩ። ፍሪጁ የምግብ ነው፤ መጠጥ በበረዶ ይቀዘቅዛል።

በማግስቱ ወጡን እንግዶች ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብለው መካከለኛ እሳት ላይ ያድርጉት፤ ከሥሩ እያማሰሉ መሃሉ ድረስ 74 ዲግሪ ይድረስ። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ጠርዙ ብቻ ሳይሆን መሃሉም ሲንተከተክ ይጠብቁ። ምግብ ሙቅ አድርጎ የሚያቆይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ካለዎት የሞቀውን ለማቆየት ብቻ ይጠቀሙበት፤ ቀዝቃዛ ምግብ በእሱ ማሞቅ በዚያ አደገኛ የሙቀት መጠን ላይ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ነው። ሩዙን አያሳድሩት፣ በዕለቱ ያብስሉት። ክዳኑ ሥር ንጹሕ ፎጣ ተደርጎበት፣ ድስቱ በወፍራም ጨርቅ ከተጠቀለለ ለአንድ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ይይዛል።

መጠጥና በረዶ

አንድ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል ብለው ያስሉ። ለ12 ሰው በ3 ሰዓት 48 ብርጭቆ፣ ማለትም ወደ 12 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚህ ቢያንስ ሲሶው ውሃ ይሁን። በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ለሚገባው ለሰው ግማሽ ኪሎ፣ ጠርሙስም የሚቀዘቅዝበት ከሆነ አንድ ኪሎ ያስፈልጋል። 12 ኪሎ በረዶ የቤት ፍሪዘር በአንድ ሌሊት አይሠራም፤ ከቀናት በፊት እያወጡ በከረጢት ያጠራቅሙ ወይም ይግዙ።

ጠርሙስ ውሃ በሌለው በረዶ መካከል ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፤ በጠጠሮቹ መካከል ያለው አየር ቅዝቃዜ በደንብ አያስተላልፍም። ባልዲውን እስከ ግማሽ በረዶ ያድርጉ፣ ጠርሙሶቹ እስከ አንገታቸው እስኪሰምጡ ውሃ ይጨምሩ፣ አንድ ሁለት እፍኝ ጨው ይበትኑ። ጨው የበረዶውን ውሃ ከዜሮ ዲግሪ በታች ያወርደዋል፤ ፍሪጅ ሰዓታት የሚፈጅበትን ይህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው በረዶ ግን በሌላ ዕቃ፣ ከነመቆንጠጫው ለብቻው ይቀመጥ።

መክፈቻውን በገመድ ጠረጴዛው እግር ላይ ያስሩት፤ ካልታሰረ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የአንዱ ኪስ ውስጥ ይገባል። ብርጭቆ ለሰው ሁለት ይቁጠሩ፣ ስም የሚጻፍበት ማርከርና ብርጭቆ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አጠገቡ ይኑር። አልኮል ካለ አልኮል የሌለው መጠጥ ከጎኑ እኩል ይታይ እንጂ ከጠረጴዛ ሥር አይደበቅ። ያላለቀ ብርጭቆ ላይ ደርበው አይቅዱ፤ ሰው ስንት እንደጠጣ ይጠፋዋል። መኪና የሚነዳው ማን እንደሆነ ቀደም ብሎ ይታወቅ።

ክፍሉ

መጠጥና ምግብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ሁሉም እዚያ ይታፈናል። ያራርቋቸው፤ መጠጡን ከበር እጅግ ራቅ አድርገው ያኑሩት፣ የገባ ሰው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ማድ ቤት ውስጥ ግን አይሁን። የምግብ ጠረጴዛውን ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ወደ መሃል ይሳቡት፣ በሁለት ረድፍ ይነሳል። ሳህን መጀመሪያ ላይ፣ ማንኪያና ናፕኪን መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ ማንኪያ ቀድሞ የያዘ ሰው የሚያነሳበት እጅ ያጥረዋል።

ወንበር በግድግዳ ዙሪያ መደርደር ጨዋታ ይገድላል፤ ከግራና ከቀኝ ካሉት በቀር ማንም ከማንም አያወራም። ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት አድርገው ፊት ለፊት ያዙሯቸው። አረጋውያን ከሌሉ ለ12 ሰው 8 ወንበር ይሻላል፤ የሚቆም ሲኖር ሰው ቦታ ይለዋወጣል። በየወንበሩ አጠገብ ብርጭቆ የሚያርፍበት ነገር ይኑር።

አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። 12 ሰው ማለት 1200 ዋት ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ማብራት ነው። ስለዚህ ባዶ ክፍሉ ትንሽ ሲበርድዎት ልክ ነው፤ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መስኮት ይክፈቱ። የጣሪያውን ኃይለኛ መብራት አጥፍተው ትንንሾቹን ያብሩ፣ የምግቡ ጠረጴዛ ግን ጨለማ አይሁንበት። ሙዚቃው ከግብዣው ሰዓት የሚተርፍ ርዝመት ይኑረው፤ በክንድ ርቀት ያሉ ሁለት ሰዎች ድምፅ ሳያነሱ ከተሰማሙ መጠኑ ትክክል ነው። የውሃ ማፍያና የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ አይሰኩ፤ ገመዱ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ጽዳቱ መጸዳጃ ቤቱን፣ የሳሎኑን ወለልና የእቃ ማጠቢያውን ይሸፍን፤ የመኝታ ቤቶች በር ይዘጋ። መጸዳጃ ቤት ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣና ተጨማሪ ወረቀት ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይኑር።

የመጨረሻዎቹ 45 ደቂቃዎች

እዚህ ላይ ምንም ሥራ አይመደብ። ያላለቀ ነገር ካለ ከዝርዝሩ ይሰረዝ፤ ያልቀረበውን ሰላጣ ማንም አያውቀውም፣ የጋባዡን ጥድፊያ ግን ሁሉም ያየዋል። ሁለት የቆሻሻ ቅርጫት በሚታይ ቦታ ያስቀምጡ፣ ከተገጠመው ፌስታል ሥር ባዶ ፌስታሎች አጥፈው ያኑሩ። ገንዳው አጠገብ ሙቅ የሳሙና ውሃ ያለበት ሳፋ ካስቀመጡ እንግዳው ማንኪያውን ራሱ ይጥልበታል። ከዚያ ልብስዎን ቀይረው ይቀመጡ።

ማብቂያው ሲቃረብ ሙዚቃውን ይቀንሱ፣ መብራት ይጨምሩ፣ በረዶ መሙላት ያቁሙ፤ «ሂዱ» ሳይባል ይገባል። ምግብ ከምድጃ ከወረደ ወይም ከፍሪጅ ከወጣ 2 ሰዓት ካለፈው፣ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከሆነ ደግሞ 1 ሰዓት ካለፈው፣ ሳይሳሱ ይድፉት። ይህ እንዳይደርስ መጀመሪያውኑ ግማሹን ብቻ ያቅርቡ፤ ሌላው እስኪያስፈልግ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ ምድጃ ላይ ይቆይ። ከምድጃው የተረፈውን ለሚሄዱት ቋጥረው ይስጡ፤ የቀረውን እንደ ትናንቱ በትሪ ዘርግተው ያቀዝቅዙ። በዚያች ማታ ከዚህ ሌላ የግድ የሚባለው ድስቱን ውሃ መሙላትና ቆሻሻውን ማውጣት ነው። ብርጭቆው ይደር።